አስተማሪ አሳድገው ባሕር ማዶ የላኩት እታለም

እታለም በ1943 ዓ.ም. ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። "እታለም" የሚለውን መጠሪያ ያወጡላቸው ታናሽ ወንድማቸው ናቸው፤ አፋቸውን የፈቱት በዚህ ቃል ነውና። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም፣ ተማሪውም፣ አለቃውም በሌላ ስም ጠርቷቸው አያውቅም።

ቤታቸው ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለ ነበር ያደጉት የመጋዝ ድምፅ እየሰሙ ነው። አባታቸው ከተረፈ ጣውላ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ሠሩላቸው፤ የመጀመሪያው ተማሪም ወንድማቸው ሆኑ። በክፍሉ ሌላ ተማሪ ስላልነበረ ወንድማቸው ሁልጊዜ አንደኛም መጨረሻም ይወጡ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርሱ አባታቸው አረፉ። እታለም የኮሌጅ ሐሳባቸውን ትተው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ በዓመቱም የአንደኛ ክፍል መምህርት ሆኑ። ወንድማቸውንም አስተምረው ለመምህርነት አበቁ። እርሳቸው ራሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከአንደኛ ክፍል አልተነቃነቁም። ዳይሬክተር እንዲሆኑ በተጠየቁ ጊዜ፣ "እኔ ቢሮ ስቀመጥ ልጆቹን ማን ሊይዝልኝ ነው?" ብለው መለሱ።

ትዳራቸውም የተገኘው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ተማሪዎቻቸው ላይ ጭቃ ረጭቶ ሊያልፍ ሲል፣ እታለም መንገዱ መሐል ቆመው አስቆሙት። "ና ውረድ! ይህን ዩኒፎርም ማን ሊያጥብልህ ነው?" አሉት። ሾፌሩ በማግስቱ ሳሙና ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። በ1967 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ "እኔን ያገባችኝ ለሳሙናው ብላ ነው" ይላሉ።

በ1981 ዓ.ም. ባሕር ማዶ ያሉ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚያሠለጥን ሰው ቢጠይቁ፣ ወንድማቸው ልሂድ አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግን አመነቱ። አንደኛው፣ "ሰባኪ ቢሆን እሺ፤ ሚስዮናዊ ብለን ጠመኔ የሚይዝ ሰው እንላክ?" አሉ። እታለም በጉባኤ ተናግረው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ያን ዕለት ግን ተነሡ። "አባቶቼ፣ መጽሐፉን የምንሰጠው ልጅ ማንበብ ካልቻለ ምን ሰጠነው? ማንበብ የሚያስተምረውንስ ማን ያስተምረው? ይህን ልጅ እኔ አሳድጌዋለሁ። ላኩት፤ ከኋላው እኔ አለሁ" አሉ። ወንድማቸው ተላኩ።

"አለሁ" ያሉትንም በሥራ አሳዩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሳሎናቸው ይሰበሰቡና ከካርቶን የፊደል ካርድ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት፣ ከጠርሙስ ክዳን መቁጠሪያ ይሠሩ ነበር። ሶፋው ላይ ሙጫ ያልነካው ቦታ ስላልነበረ እንግዳ ሳያስተውል ከተቀመጠ ሲነሣ ፊደል ለጥፎ ይሄዳል። የተሠራውን ባለቤታቸው አሽገው መንገደኛ ፈልገው ይልኩ ነበር።

የወንድማቸው ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ በዚያ አገር ሁለተኛ ደረጃ በአቅራቢያ ስላልነበረ ወደ እታለም ተላከች። አባቷ ለሰው ልጅ ብሎ የራሱን ልጅ ጥሏል ብላ አኩርፋ ምግብ እንቢ ባለች ጊዜ እታለም አልገሠጿትም። ሳህኑን አስጠግተው፣ "ተቆጪ የኔ ልጅ፣ ልክ ነሽ። ግን እየበላሽ ተቆጪ" አሏት። እንደ ሦስተኛ ልጃቸው አድርገውም አሳደጓት።

ከባዱ ጊዜ በ1986 ዓ.ም. መጣ። ወንድማቸው ያሠለጠኗቸው መምህራን አብዛኞቹ የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ሄዱ። ወንድማቸውም ተስፋ ቆርጠው ተመለሱና፣ "እታለም፣ በወንፊት ውሃ ስቀዳ ነው የኖርኩት" አሉ። እታለም፣ "የሄዱት የት ገቡ?" ብለው ጠየቁ። "ሌላ ትምህርት ቤት።" "ታዲያ እዚያ ያሉት ልጆች አይደሉም?" አሉ። በክረምቱ ዕረፍትም ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ከወንድማቸው ጋር አብረው ተሳፈሩ።

እዚያ ሠልጣኞቹ ከኋላ ተደርድረው እያዩ፣ ቋንቋውን አንድ ቃል ሳያውቁ አንደኛ ክፍል አስተማሩ። በር ላይ የምታለቅስ ልጅ ነበረች። እታለም ጫማቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ምን እንደሚባል በምልክት ጠየቁ። ልጆቹ ሲነግሯቸው እያጣመሙ ይደግማሉ፤ ልጆቹ በሳቅ እየፈረሱ ያርሟቸዋል። በመጨረሻ ከሁሉ በላይ ጮኻ የምታርማቸው ያቺው አልቃሻ ሆነች። በኋላ ሠልጣኞቹ ምስጢሩን ሲጠይቋቸው፣ "አንድ ቀን አስተማሪ ያስተማረ ልጅ አስተማሪ አይፈራም" አሉ። ወንድማቸውም ከዚያ ወዲያ ልመለስ ብለው አልጠየቁም። ያሠለጠኗቸውም ዛሬ በተራቸው ሌሎችን ያሠለጥናሉ።

እታለም በ2003 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ያሳደጓትን የወንድማቸውን ልጅና ወንድማቸውን ትተው ነው የሄዱት።

ወንድማቸው ዛሬ በዚህ ቀብር በመካከላችን አለመኖራቸውን አይታችሁ የተገረማችሁ አትዘኑባቸው። ባለፈው ወር መጥተው ከእታለም አልጋ አልለይም ብለው ነበር። እታለም ግን እጃቸውን ይዘው፣ "አዲሶቹ ሠልጣኞች ገብተዋል። ሂድ። ስሞትም ለቀብሬ እንዳትመጣ፣ ክፍል ግባልኝ" ብለው አዘዟቸው። እርሳቸውም እያለቀሱ ታዘዙ። እኛ እዚህ በቆምንበት በዚህ ሰዓት ወንድማቸው ሠልጣኞቻቸው ፊት ቆመው እያስተማሩ ነው።

የላካቸውና የተቀበላቸው አምላክ የእታለምን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ። ለወንድማቸውም የሚያስተምሩበት ድምፅ ይስጣቸው። አሜን።