ወረቀቱን ትተው ድምፃዊቷን የተከተሉት ቤዝ ጊታሪስት፦ የአቶ ጁዎ ጂንፋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጁዎ ጂንፋ ከአባታቸው ከአቶ ጁዎ ቲየንሴንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊያኦ ሚየን እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1944 በኪሉንግ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው በስተጀርባ ባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የመርከብ ጭነት አውራጅ፣ እናታቸው ደግሞ ገበያው ውስጥ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ አጣቢ ነበሩ። የተወለዱ ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበር ይባላል። በኪሉንግ ያልዘነበበት ልደት ስለሌለ ይህንን እንደ ልዩ ምልክት የቆጠረው የለም።

ይህን ታሪክ ያጠናቀረችው የበኩር ልጃቸው ይፒንግ ናት። አባቷ በመጨረሻ ዘመናቸው ስለ ሕመማቸውም ስለ ሞታቸውም አልተጨነቁም። ሌሊትና ቀን ያብሰለሰላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እኔ ከሄድኩ እናታችሁን ማን ይከተላታል?» ይሉ ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከልጅነታቸው መነሳት ግድ ይላል።

አቶ ጂንፋ በተወለዱበት ሰፈር የስድስት ዓመት ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። ያጠናቀቁት ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱን የግድግዳ ሰዓት፣ የአጎታቸውን የእጅ ባትሪ፣ የቤተ መቅደሱን ጠባቂ የብስክሌት ደወል ሁሉ ፈትተው ጨርሰዋል። «ይሄ ልጅ መፍታት እንጂ መግጠም አልፈጠረበትም» ብለው እናታቸው ያማርሩ ነበር። በአሥራ አራት ዓመታቸው አቶ ፉ በሚባሉ ሰው ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ተቀጥረው መግጠሙንም ተማሩ።

ከሱቁ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ የውጭ አገር ባሕረኞች የሚዝናኑበት ክበብ ነበር። የሰፈር ሰው ወደ ውስጥ አይገባም። አቶ ጂንፋ በኋላ በር በኩል፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዝናብ እየመታቸው ሙዚቃ ያዳምጡ ነበር። ግድግዳው ወፍራም ስለነበር ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ውጦ ያስቀራል፤ የሚያልፈው የቤዙ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ታዲያ ለሁለት ዓመት ያህል ሙዚቃ ማለት እሱ ብቻ መሰላቸው። አንድ ቀን ከዘፈኖቹ አንዱ በሱቁ ሬዲዮ ሲመጣ ብድግ ብለው አቶ ፉን «ጌታዬ፣ ይሄ ማነው በዘፈኔ ላይ የሚጮኸው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ፉ ይህን ጨዋታ እስከ ዕለተ ሞታቸው ለደንበኛ ሁሉ ሲያወሩት ኖረዋል።

የመጀመሪያ ቤዝ ጊታራቸውን የሠሩት በ1962 ነው። ከየት አመጡት? ይፒንግ ይህን ስትጠይቃቸው ሁልጊዜ ፊታቸው ይበራ ነበር። እንጨቱ የተገኘው ከጎረቤታቸው ከሬሳ ሣጥን ሠሪው ከመምህር ሺ ዘንድ ነው። መምህር ሺ አቶ ጂንፋ ወረቀት ላይ የሳሉትን የጊታር ቅርጽ አገላብጠው አይተው፣ «ቁመቱ የሕፃን ነው፤ ወገቡም ተጎድቷል። ማን ሞቶባችሁ ነው?» አሏቸው። የሞተ እንደሌለ ሲነገራቸው ሳቁና ከአንድ ባለጠጋ ሣጥን የተረፈ፣ ከሩቅ የሚሸት የካምፎር ዛፍ ጣውላ ሰጧቸው። ክሩ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበር። ድምፁን የሚለቅመው ከተበላሸ ስልክ ማዳመጫ የወጣ ጥቅል ሽቦ ሲሆን ማጉያው ደግሞ የአቶ ፉ ትልቁ ሬዲዮ ነው። የመጀመሪያውን ድምፅ ሲያወጡ ከመደርደሪያው ላይ ሁለት የሬዲዮ አምፖሎች ወድቀው ተሰበሩ፤ ጣታቸውም ደማ። ግን ይህ ቀን በሕይወታቸው እጅግ ደስ ያላቸው ቀን እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል።

እናታቸው ግን የሬሳ ሣጥን እንጨት ቤቴ አይገባም ብለው እርም አሉ። ቤዙ ስድስት ወር በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አደረ። ከሰፈር የሙዚቃ ባንድ ጋር የያዙት የመጀመሪያ ሥራቸውም በዚሁ ጣጣ ተበላሸ። መንገድ ላይ በተጣለ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ገና ሁለተኛውን ዘፈን ሲጫወቱ የሙሽራይቱ አክስት አፍንጫቸውን አነፈነፉና፣ «ኧረ ጉድ! ይሄ የካምፎር ጠረን አይደለም እንዴ? ሬሳ ሣጥን ይዞ ሠርግ የመጣው ማነው?» ብለው ጮኹ። ባንዱ ሾርባው እንኳ ሳይደርሰው ተባረረ። አቶ ጂንፋ በማግሥቱ ቤዙን ጠረኑ እስኪጠፋ ሦስት ጊዜ ደማቅ ቀይ ቀለም ቀቡት። ቀይ የሠርግ ቀለም ነውና ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቃቸውም። በኋላ አንድ መርከበኛ ከዮኮሃማ እውነተኛ ቤዝ ቢያመጣላቸውም ቀዩን አልተውትም።

ከ1964 እስከ 1966 ውትድርናቸውን አገልግለው ከተመለሱ በኋላ፣ ከዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ከድራመሩ ከአቶ ኬ ዋንግሹይ ጋር ወደ ቤይቶ ፍል ውኃ ሰፈር ሄዱ። እዚያ ከአንዱ የእንግዳ ማረፊያ ወደ ሌላው በኪራይ ሞተር ብስክሌት ኋላ ተፈናጠው፣ ቤዙን በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ ያመሹ ነበር። እንግዳው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እየጠጣ ይዘፍናል፤ ባንዱ ያጅበዋል። የሥራው ሕግ አንድ ነው፤ እንግዳ አይሳሳትም። እንግዳው ስንኝ ቢዘል ባንዱ አብሮ ይዘላል፤ ጽዋውን ለማንሳት ቢያቆም ባንዱ ይቆማል፤ ቀድሞ ቢገባ ልክ የሆነው እሱ የገባበት ነው። ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚይዘው ቤዙ ነው። አቶ ዋንግሹይ እንደሚመሰክሩት በቤይቶ ዳገት ላይ እንደ አቶ ጂንፋ የሰካራም ዘፈን የሚከተል አልነበረም።

በ1971 ዋና ከተማው ውስጥ የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ኦርኬስትራ ቤዝ ተጫዋች ሲፈልግ አቶ ጂንፋን ለሙከራ ተቀበላቸው። ቋሚ ሥራ፣ የደንብ ልብስ፣ ሰው የሚያከብረው ወንበር ነበር። አባታቸው ለሰፈሩ ሁሉ ነግረው ሬዲዮ የሌለው ጎረቤት ሳይቀር ቤታቸው ተሰብስቦ ነበር። ስርጭቱ ቀጥታ ነው። የዚያን ቀን ድምፃዊት የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመቷ ቱ ዩዌቺን ነበረች። ድምጿ ያሳብዳል፤ ግን ስትፈራ ቀድማ ትገባለች። እንደተፈራውም ሁለት ምት ቀድማ ገባች። ኦርኬስትራው በኖታ ወረቀቱ ጸና። አቶ ጂንፋ ግን አምስት ዓመት ያህል በቤይቶ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጣታቸው ሳያማክራቸው ወደ እሷ ዘለለ። የኦርኬስትራው ድራመር ግራ ተጋብቶ እሳቸውን ተከተለ፤ ጥሩምባዎቹ በቦታቸው ቀሩ፤ ሁሉም ነገር ተደበላለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱን አታይም?» አሉ የኦርኬስትራው መሪ ስርጭቱ ሲያልቅ።

«አይቻለሁ ጌታዬ። እሷ ግን እዚያ አልነበረችም።»

«እዚህ ቤት የምመራው እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«እንግዲህ ዛሬስ እሷ ነበረች» አሉ አቶ ጂንፋ። ወንበሩም በዚያው ቀረ። ደረጃው ላይ ዩዌቺን ተከትላቸው ወርዳ፣ «ምን አባክ ሆነህ ነው እንጀራህን የዘጋኸው?» ብላ እያለቀሰች ተቆጣቻቸው። «ብቻሽን ነበርሽ እኮ» አሏት። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡ።

ወይዘሮ ዩዌቺን ከዚያ ቀን በኋላ ከባለቤታቸው ቤዝ በቀር በሌላ ሰው ሙዚቃ ዘፍነው አያውቁም። ቀድመው መግባታቸውንም አልተዉም። ሁለቱ ከአቶ ዋንግሹይ ጋር በእንግዳ ማረፊያዎች፣ በሠርግና በቤተ መቅደስ በዓላት ላይ ለሃያ ዓመት ያህል ሠሩ። በ1974 ይፒንግ፣ በ1977 ሆንግዪ ተወለዱላቸው። ባንዱን የሚተካው የካራኦኬ ማሽን መጥቶ እንጀራቸውን ሲቀማ ሌላው ሰው ማሽኑን ሲረግም፣ አቶ ጂንፋ የተበላሸ አንድ ገዝተው ሳሎን ውስጥ ፈታቱት። «ዘፋኙን የሚጠብቀው ክፍል የቱ ጋ እንዳለ ልይ ብዬ ነው» አሉ። እንደሌለው አረጋገጡ። ከዚያ በ1991 የካራኦኬ ማሽን መጠገኛ ከፍተው ልጆቻቸውን በዚሁ አስተማሩ።

ይፒንግን ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቃት አለ። አባቷ፣ እናቷ የሚገቡበትን ጊዜ በምን ያውቃሉ? ሰባት ዓመቷ ሳለ «ትከሻዋ ይነሳል» አሏት፤ አንድ ክረምት ሙሉ የእናቷን ትከሻ ስትከታተል ምንም አላየችም። በሃያ ዓመቷ «ጫማዋ ይነግረኛል» አሉ። እናቷን ብትጠይቅ «እኔ ምን አውቄ! አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ» አሏት። አቶ ዋንግሹይ ደግሞ «አባትሽ ጠንቋይ ነው፤ ተይው» ብለው ዘጉት።

በ2018 የወይዘሮ ዩዌቺን የማስታወስ ችሎታ እየደከመ መጣ። መጀመሪያ የሰፈሩ ስም፣ ቀጥሎ የልጆቻቸው ስም ጠፋ። ዘፈኑ ግን አልጠፋም። አቶ ጂንፋ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዩን ቤዝ ይሰካሉ፤ ባለቤታቸውም ቃል ሳይስቱ ይዘፍናሉ፤ ቀድመው ይገባሉ፤ ግማሽ ስንኝ ይዘላሉ፤ ከመሃል ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። በዘፈኑበት ቀን ይበላሉ፤ ይተኛሉ፤ ይስቃሉ። ባልዘፈኑበት ቀን ደጁን ከፍተው ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ይፒንግ የካራኦኬ ማሽኑን ከፍታ ሞክራ ነበር፤ ማሽኑ ጥሏቸው ሲሄድ ወይዘሮ ዩዌቺን ማይኩን ወርውረው አለቀሱ።

በ2023 ክረምት ሐኪሞች ለአቶ ጂንፋ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ነገሯቸው። እሳቸውም ወዲያው ልጃቸውን ሆንግዪን ቤዝ ማስተማር ጀመሩ። ሆንግዪ የከተማ አውቶቡስ መካኒክ፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ብሎን እንኳ ሳይቆጥር የማያጠብቅ ሰው ነው።

«አትቁጠር! ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።»

«አባዬ፣ ካልቆጠርኩ በምን ልያዝ?»

«እሷን ያዝ!»

«እሷማ ጥላኝ ሄደች እኮ!»

አምስት ወር እንዲህ ሆነ። ሆንግዪ ከሥራ ወጥቶ በዘይት እጁ በየቀኑ መጣ፤ በየቀኑም ዘፈኑ መሃል ጠፋ። በየካቲት መጨረሻ አቶ ጂንፋ ቤዙን ማንሳት ሲያቅታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «በቃ፤ ብቻዋን ልትቀር ነው» አሉ። ይፒንግ አባቷ ሲያለቅሱ ያየችው ያኔ ብቻ ነው። በምን እንደሚያውቁ ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀቻቸውም ያኔ ነው። «እኔም አላውቀውም ልጄ» አሉ። «ብነግርሽ ደስ ባለኝ።»

አቶ ጁዎ ጂንፋ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ79 ዓመታቸው መጋቢት 17 ቀን 2024 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ ዩዌቺን ስድስት ቀን ሙሉ አልዘፈኑም። «ቤዙ የት ሄደ?» ብለው አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁ። በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ የሐዘን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ለሟቹ የሚቃጠል የሎተስ አበባ ከወረቀት ሲያጥፍ፣ አቶ ዋንግሹይ ሆንግዪን «ቤዙን አንሳው እስቲ» አሉት። ሆንግዪ ከንፈሩ እየቆጠረ ጀመረ። እናቱ እንደ ልማዳቸው ቀድመው ገቡ። እሱም እንደ ልማዱ ጠፋ፤ አቆመ።

ወይዘሮ ዩዌቺን ዘፈኑን ቆርጠው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«ያንቺ ነኝ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል? ጀምር፤ እጠብቅሃለሁ።»

በሃምሳ ሁለት ዓመት ውስጥ ሰካራምም ኦርኬስትራም ጠብቀው የማያውቁት ሴት፣ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው እየመቱ ልጃቸው ቦታውን እስኪያገኝ ጠበቁ። ሲያገኝ አብረውት ገቡ። አቶ ዋንግሹይ የወረቀት ሎተሱን ጨምድደው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ይፒንግም አባቷ ይህን ሳይሰሙ በመሄዳቸው አለቀሰች።

አቶ ጁዎ ጂንፋ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው፣ ለጎረቤቶችና ለቤይቶ የሙያ ጓደኞቻቸው ሁሉ ምስጋናውን ያቀርባል።

የሄዱበት መንገድ ዝናብ የሌለበት ይሁንላቸው፤ በሩም ከደጅ ሳያቆማቸው ይከፈትላቸው። ነፍሳቸው ትረፍ፤ እዚህ የቀረውን አታስብ።

ከዚህ ንባብ በኋላ ወይዘሮ ዩዌቺን ይዘፍናሉ፤ ልጃቸው ሆንግዪ ያጅባቸዋል። መሃል ላይ ከቆሙ፣ እየጠበቁት ነውና እባካችሁ አታጨብጭቡ።