የደሜ ወረቀት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጥፋተኛው ማቴዎስ ነው። ታናሽ ወንድሜ፣ አዝዬ ያሳደግሁት። ባለፈው ረቡዕ ሐኪሙ የደሜን ውጤት ሊናገር ሲጠራን፣ እኔን ከበር ውጭ አስቀምጦ ብቻውን ገባ። ሲወጣ «ወባ ነው፤ ያው ጣፊያሽን ያሳበጠው ወባ» አለኝ። ዓይኑ ግን ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተለወጠ። ሚስቱ እንስራውን ከእጄ ትነጥቃለች። ሁለት ዶሮ ታረደልኝ፤ ደህና ሳለሁ ላባውንም አላሳዩኝም። ጎረቤት ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ረጅም ጸሎት አድርጎ ይሄዳል። ሳልሞት ለቅሶ ደራሽ አየሁ።

ዛሬ የማቴዎስን ኮት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ፖስታ አገኘሁ። የሆስፒታሉ ማኅተም አለበት። ውስጡ እንግሊዝኛ ነው፤ በፖስታው ላይ ግን በአማርኛ «ታካሚዋ ለተጨማሪ ምርመራ በዚህ ወር ውስጥ አዲስ አበባ ትሂድ» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፊደል የቆጠርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያኔ ማቴዎስ «አሁን ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» ብሎ ስቆብኛል። ይኸው፣ ይህን ልሆን።

ማክሰኞ፣ 11

ፖስታውን ፊቱ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አለቀሰ።

«እታለም፣ የደም ካንሰር ነው አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ አይነገርም። ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው።»

«እና ምን ልታደርገኝ አሰብክ?»

ደጋ፣ ወደ አባታችን ቦታ ሊወስደኝ አስቧል። አየሩ ጥሩ ነው ይላል። ለመሞቻ የሚሆን አየር ማለቱ ነው።

«አዲስ አበባ ብትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»

«በአዲስ አበባ አካፋ ጠፋ?» አልኩት።

ይህን ብዬ ወጣሁ። ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ፈርቻለሁ። ይህም ይጻፍ።

ረቡዕ፣ 12

ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ቤተሰብ አብሮዎት የለም፣ እማማ?»

«ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ደሙም የኔ ነው።»

ሳቀ። ተነስቶ በሩን ዘጋው፤ በዚህኛው ጊዜ እኔ ከውስጥ ነኝ።

የነገረኝ ይህ ነው። ስሙ ሉኪሚያ ነው። ደም የሚሠራው በአጥንት ውስጥ፣ በመቅኔ ነው። ነጩ የደም ሕዋስ ከበሽታ የሚጠብቀን ዘበኛ ነው። አሁን መቅኔዬ የተበላሹ ዘበኞችን ያለ ልክ ያመርታል። ቀዩ ደም ቦታ ያጣል፤ ድካሜ ከዚያ ነው። ደም የሚያረጋውም ቦታ ያጣል፤ ድዴ የሚደማው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ በሽታ አይደለም። ፈጣን አለ፣ ዝግተኛ አለ። በፈጣኑ ዘበኞቹ ሳይጎለምሱ ይወጣሉ፤ ሰውን በሳምንታት ይጥላል። በዝግተኛው የጎለመሱ ይመስላሉ፣ ሥራቸውን ግን በቅጡ አይሠሩም፤ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሁለቱም ደግሞ እንደ ሕዋሱ ዘር ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሊምፎይድና ማይሎይድ። (ሦስቴ አስደገምኩት።) በጠቅላላው አራት ዋና ዋና ዓይነት። መድኃኒታቸው ይለያያል፤ ዓይነቱ መታወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

«እንደ አረም ነዋ» አልኩት። «አንዱ በሳምንት ማሳውን ይውጣል፣ ሌላው ቀስ እያለ ያንቃል።»

«አዎ፣ እማማ። ግን ከውጭ የመጣ አረም አይደለም። ከራስ ዘር የበቀለ ነው።»

የኔ ዝግተኛው ማይሎይድ ይመስለዋል፣ ጣፊያዬ እንዲህ ስላበጠ። የሚረጋገጠው መቅኔዬ አዲስ አበባ ሲመረመር ነው። የሚያቆየኝ ክኒን አለ አለ። «ስንት ዓመት?» አልኩት። «አላውቅም» አለኝ። የሱ «አላውቅም» ከማቴዎስ «ወባ ነው» ይሻላል።

በግራ ጎኔ ያለውን ጠባሳ አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አምና እብጠቱን በጋለ ብረት አስተኩሼዋለሁ። እኛ ዘንድ ጣፊያ ካበጠ ወባ ነው፣ ወባ ከሆነ ይተኮሳል። ያን ጊዜ «ይቅርብሽ፣ ሆስፒታል እንሂድ» ብሎ የለመነኝ ማቴዎስ ነበር። ይህን መጻፍ አልወድም። እውነት ግን ነው።

«ማን አመጣብኝ? እርግማን ነው?»

«ከሰው አይጋባም። የማንም ጥፋት አይደለም።»

መንገዱን ሁሉ ታዲያ ማንን ልቆጣ እያልኩ መጣሁ። ማቴዎስን ነው። ስለ ደሙ ሳይሆን ስለ በሩ።

ዓርብ፣ 14

ቀበሌ። ያለሱ ኬላ የማያሳልፉበትን የይለፍ ደብዳቤ ልጠይቅ። ጸሐፊው አንገቱን አከከ።

«እማማ ብርቄ፣ ወንድምሽ ትናንት መጥቶ አትጻፉላት ብሏል።»

«መንገደኛው እሱ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው የሱን ይለፍ ከልክሉት።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። ጸሐፊው ጻፈ፤ ሲጨርስ የጣት ቀለሙን ገፋልኝ። መልሼ ገፋሁት። ስሜን ፊደል በፊደል ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። ይጠብቅ።

እሑድ፣ 16

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ሊጸልይልኝ ተሰበሰበ። ይህን ደብተር አወጣሁና የረቡዕን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ፈጣኑን፣ ዝግተኛውን፣ አራቱንም። የማቴዎስ ሚስት አለቀሰች። አንዷ «ስሙን አትጥሪው!» አለች። «ስሜን ጠርቶ የመጣ እሱ ነው» አልኳት። ማቴዎስ ተነስቶ ወጣ።

ሲመሽ ተመለሰ። የጭነት መኪና አግኝቷል፤ ማክሰኞ በቀይ አፈር ከተማ በኩል አርባ ምንጭ ይገባል፣ ከዚያ የአዲስ አበባ አውቶቡስ።

«ሁለት ቦታ ይዣለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «አብሬሽ ልምጣ?»

ጠባሳዬን ነካሁት።

«ና» አልኩት። «ሐኪሙ ሲናገር ግን አጠገቤ ትቀመጣለህ፤ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ።»

እዚያ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ክፉም ይሁን ደግ፣ ከእንግዲህ ስለ ደሜ ሲወራ ከበር ውጭ አልቀመጥም።