የጋሽ ደምሴ ድምፅ ያለበት ዲስክ

ሰኞ

ዲስኩ ሞተ። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ኮምፒውተሩን ሳበራው ከውስጡ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ዊንዶውሱም የለም፣ ሊኑክሱም የለም። ሁለቱም ሲስተሞች የተጫኑት አንድ ዲስክ ላይ ነው። ቪዲዮ ኤዲት የማደርገው በዊንዶውስ፣ የደንበኛ ፍላሽ የምከፍተው ቫይረስ በማይደፍረው በሊኑክስ ነው፤ አቃቂ ውስጥ ቫይረስ የሌለበት ፍላሽ ገና አላየሁም።

ሌላው ሥራ ይቅር። እኔ የቀረጽኩት የሰናይት ሰርግ ቪዲዮ ግን? አባቷ ጋሽ ደምሴ ካረፉ ወር አልፏል፣ እሑድ አርባቸው ነው። እናቷ እትዬ አስካለ ድምፃቸውን አንዴ ልስማው ብለውኛል። ለቤተሰቡ የሰጠሁት ዲቪዲ ላይ ድምፁ የለም። እንደ ሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሁሉ ምርቃቱ ላይ ዘፈን አልብሼበታለሁ፤ የጋሽ ደምሴ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ዘፋኙ ነው። ድምፃቸው ያለው ኤዲት ባልሆነው ቅጂ ላይ ብቻ ነው። የካሜራውን ካርድ ያኔውኑ አጥፍቼ ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ።

ባክአፕ አለ፣ ሌላ ዲስክ ላይ የገለበጥኩት። ረጋ በይ አልኩ ለራሴ። አልረጋሁም።

ማክሰኞ

ባክአፑ ያለው ታላቅ ወንድሜ ዮናስ ቤት፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ሱቁ ቢዘረፍ እንኳ ብዬ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወሰድኩለት። ሁለቱን ሲስተም የጫነልኝ እሱ ነው፣ አዲስ ዲስክም ገዝቶ ጠበቀኝ። ከሥራ ስመለስ እጀምራለሁ አለ።

ስመለስ እትዬ አስካለ ሱቁ በር ላይ ቆመዋል። ስለ ቪዲዮው አላነሱም። ስለ ውሃው መጥፋት፣ ስለ ድንኳኑ አውርተው ሄዱ። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ቱሉ ዲምቱ መብራት ሄደ። ዮናስ ባክአፑን አዲሱ ዲስክ ላይ እየመለሰ ነበር፤ መሃል ላይ ድርግም። እንደገና ከመጀመሪያው። በስልክ ተነጫነጭንበት፣ መብራቱን ያጠፋነው ይመስል።

ከተበላሸው ዲስክ የሚተርፍ ካለ ባክአፑ ዲስክ ላይ ልቅዳው ብሎም ሞክሯል። ቦታ ስለጠበበው ያረጀ ነገር አጠፋ፣ ቢያጠፋም ቦታው አልለቀቅ አለ፣ ተወው። እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ

ኮምፒውተሩ ተነሣ። ሲበራ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ ብሎ ጠየቀኝ፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ዮናስ ራሱ ነው ታቅፎ ያመጣልኝ።

ከዚያ ፎልደሮቹን ከፈትኩ። የድሮ ሰርጎች አሉ፣ ክርስትናዎች አሉ። የሰናይት የለም። ከእሷ ሰርግ ወዲህ የሠራሁት አንድም የለም።

የትኛውን ባክአፕ ነው የመለስከው አልኩት። የመጨረሻውን፣ የ2014ቱን አለ። 2014 እሱ ራሱ የወሰደው ነው፣ ሲስተሙን የጫነልኝ ጊዜ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። መሥሪያ ቤቱ የሚጽፈው በፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ አምና ክረምት ሁሉንም እዚያው ባክአፑ ዲስክ ላይ ገልብጬ ስሙን 2007 ብዬዋለሁ፣ በእኛው።

«የ2007ቱስ?» አልኩት።

«አጠፋሁት እኮ። የስምንት ዓመት ዕቃ መስሎኝ።»

ዓርብ

እህል አልቀመስኩም። እትዬ አስካለን ምን ልበላቸው? ለሰናይት አስቀድሜ ልንገራት? ሱቁን ዘግቼ ልጥፋ? ዮናስን ረገምኩት፣ ቀጥሎ ራሴን። ዓ.ም. ብሎ መጨመር ምን ይከብዳል?

ከሰዓት ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ ድንገት የረቡዕ ወሬው ትዝ አለኝ። አጥፍቶት ቦታው ያልተለቀቀው ለምንድን ነው? ቦታውን ካልለቀቀ አልሄደም ማለት አይደል? ደወልኩ።

«የባክአፑን ዲስክ እንዳትነካው» አልኩት። ያጠፋው በሊኑክስ እንደሆነ ነገረኝ፤ ሊኑክስ ደግሞ የተጣለውን እዚያው ዲስክ ላይ፣ ትራሽ የሚባለው ውስጥ ያቆየዋል። ባዶ አድርገኸዋል ወይ አልኩት። አላደረግኩትም መሰለኝ አለ። መሰለኝ አለ፣ እኔ እንዴት ልተኛ ነው?

ቅዳሜ

አለ። ዮናስ ዲስኩን ሱቄ ድረስ አምጥቶልኝ ከፈትነው፤ ትራሽ ውስጥ 2007 እንዳለ ቁጭ ብሏል። የሰናይትን ሰርግ ከፈትኩት። ምስሉ ትንሽ ተንገዳገደና የጋሽ ደምሴ ጎርናና ድምፅ ሱቁን ሞላው። ሙሽሮቹን መርቀው ሲጨርሱ ወደ ካሜራው ዞር ይላሉ፤ «አንቺም ልጄ ቆመሽ ዋልሽ። በይ ቁጭ ብለሽ ብዪ።» እንዲህ ማለታቸውን ጨርሶ ረስቼዋለሁ። አለቀስኩ። ዮናስ ወደ በሩ ዞሮ ቆመ።

አመሻሽ ላይ እትዬ አስካለን አስጠራኋቸው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። ዘፈን አለበት ወይ አሉ መጀመሪያ። የለበትም አልኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ ድገሚልኝ አሉ፣ ደገምኩላቸው።

ማዳመጫውን ሲያወልቁ ዓይናቸው ቀልቷል። ትኩር ብለው አዩኝ።

«ለመሆኑ ያን ቀን በልተሽ ነበር?»

አላስታውስም አልኳቸው። ነገ ምሳ ሳትበዪ ንቅንቅ እንዳትዪ ብለውኝ ሄዱ።