ዱባ ለእማዬ

ጥቅምት 3
ሀይሌ ጋርመንት ጉልት ወርጄ ዱባ ገዛሁ። ሻጯ ጫልቱ፣ "ለወጥ ነው?" አለችኝ። ለሾርባ ነው አልኳት። "ዱባ ደግሞ ምን ሾርባ አለው? አይ የተማረ ሰው!" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ... ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ?
ስትሮኩ የእማዬን ቀኝ እጅና አንደበት ይዞታል። ጉሮሮዋም እንደ ድሮው አይውጥም። ሐኪሙ፣ "ቀጭን ነገር አትስጧት፣ የጓጎለም አትስጧት። ሳንባዋ ከገባ አደጋ ነው። ከማንኪያ ላይ እንደ ማር እየተጎተተ የሚወርድ ይሁን" ብሏል። ሾርባ ሠርቼ አላውቅም። ነገ እሞክራለሁ።

ጥቅምት 4
ቀጠነብኝ። ገና በመጀመሪያው ማንኪያ ትን አላት። ሳለች፣ ሳለች... ከንፈሯ ጠቆረ። ደግፌ ወደ ፊት አዘነበልኳት። ተመለሰች።
ታላቅ ወንድሜ ሬድዋን በር ላይ ቆሞ ነበር። "መጀመሪያ አሳመምሻት። አሁን ልትጨርሻት ነው?"
አሳመምሻት! እሱ የመረጠልኝን ሰው አላገባም ብዬ ሽማግሌዎቹን መለስኩ። በማግስቱ እማዬ ወደቀች። "ሪሐና አናድዳት ነው የወደቀችው" ብሎ ስሜን እየጠራ ለዘመድ ሁሉ አወራ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ "ልብሽ ካልፈቀደ እኔ አለሁልሽ" ያለችኝ ማን ሆነና? እማዬ። ሌላ የሰማ የለም። እሷ ደግሞ መናገር አትችልም።
ብትሞትብኝስ? በእጄ ብትሞትብኝስ?

ጥቅምት 5
መብራት የለም። ጁስ መፍጫው አይሠራም። ዱባውን ከድንች ጋር ቀቅዬ በወንፊት አሸሁት። ማንኪያውን ዘንበል አደረግሁ... ተጎተተ። ግን ማጉረስ ፈራሁ። ቆሜ ሳመነታ ቀዘቀዘብኝ፣ መልሼ አሞቅሁት።
ዋጠች። ደረቷ ላይ ጆሮዬን አድርጌ አዳመጥኩ። ሰላም ነው። ሌላ ማንኪያ።

ጥቅምት 8
የእማዬ እህት፣ አክስቴ ዙልፋ፣ ከመካኒሳ አቦ ልትጠይቃት መጣች። ክትፎ ይዛ። ጠቀለለችና ወደ እማዬ አፍ... "በሞቴ! አንዲት ብቻ!"
እጇን አየር ላይ ያዝኩት።
"የእኔን ጉረሻ? ለገዛ እህቴ?"
"ያንቃታል፣ አክስቴ።"
"ጉረሻ ሰው ገድሎ ያውቃል? ባለጌ!"
"ልቀቂያት!" ሬድዋን ጮኸ። አልለቀቅሁም።
"ነገ አክስቴ ጋ ትሄዳለች" አለ። "አንቺ እጅ አትቆይም።"
እዚያ ማን ወንፊት ይይዝላታል? በፍቅር ያንቋታል፣ ወላሂ።

ጥቅምት 9
ሬድዋንና አክስቴ ሊወስዷት መጡ። ሻንጣዋን ሞሉ። "ምሳዋን ትብላ" አልኩ። ማንኪያውን ሳቀርብ እማዬ አፏን ገጠመች። ደነገጥኩ።
"አየሽ? እሷም አልፈለገችሽም።" ሬድዋን ነው።
እማዬ ማንኪያውን በግራ እጇ ቀማችኝ። እየተንቀጠቀጠች፣ ግማሹን ደረቷ ላይ እያፈሰሰች፣ ወደ እኔ አፍ አመጣችው። በግራ እጅ ስንበላ በማማሰያ ጣታችንን የምትመታን እማዬ! ሬድዋንም ስንቴ ተመትቷል። እኔን አጉርሳ እሱን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። አንገቱን ደፋ።
ዋጥኩ... ጨው የለውም! ከፍርሃቴ ብዛት አንድም ቀን ቀምሼው አላውቅም። እማዬ በግማሽ ፊቷ ትስቃለች።
አክስቴ የእማዬን ልብስ ከሻንጣው ታወጣ ጀመር። ሬድዋን ወጥ ቤት ገባ። ዕቃ ሲያንኳኳ ይሰማኛል።
"ጨዉ የት ነው?"
አልነገርኩትም። ይፈልገው።