ማንም ያልጠጣው አራንቻታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 1

ይሸታል። ለካፌዬ ግድግዳ ብዬ አጋሮ ድረስ በሚኒባስ ሄጄ ያመጣሁት ታፔላ ይሸታል!

አባ ተማም የድሮ ታፔላ ጸሐፊ ናቸው። አዲስ ላሜራ ላይ በዘይት ቀለም ይጽፉና አሮጌ እንዲመስል ቡና ማጠቢያው ጓሮ ከተቆለለው እርጥብ የቡና ገለፈት ውስጥ ይቀብሩታል። ገለፈቱ ብረት ይበላል። «ለቅሶ ሄጄ ሳላወጣው ቆየ፣ አይዞሽ ኢንታላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። አንዱ ጥግ እጄ ላይ ረገፈ። ግን እንዴት ያምራል! ቢጫ ጠርሙስ፣ የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥሩ «ጮራ አራንቻታ፣ የጅማ ልጆች ምርጫ»።

ጮራ የሚባል አራንቻታ ኖሮ አያውቅም። የእውነተኛ ፋብሪካ ስም ብጽፍ እንዳልከሰስ ፈርቼ፣ እኔና አባ ተማም ቁጭ ብለን የፈጠርነው ነው።

ማክሰኞ

ሳሙና፣ ሎሚ፣ ፀሐይ። ሽታው ንቅንቅ አላለም። እንደ ምንም ሰቀልኩት።

ደንበኛ፦ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ማኪያቶ ለሁለት።

ጊንጆ ሰፈር ካፌ ከፍቼ ሰው የለም። ከኮሌጁ ጸሐፊነቴ ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ የፊታችን ሰኞ ያልቃል። ወይ እመለሳለሁ፣ ወይ መልቀቂያ አስገባለሁ። እማዬ ዛሬም «የመንግሥት ሥራ ጥለሽ ሻይ ቀጂ!» አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በካፌዬ በር ታልፋለች፤ ዞር ብላ እንኳ አታይም። ታናድደኛለች። ደግሞ ልክ ብትሆንስ?

ሐሙስ

አንድ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አስገባና «ጮራ! አለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አልቋል» አልኩት። ምን ነካኝ?

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ወርቁም ገብተው ነበር። ሎሚ ሎሚ ይል ነበር አሉ። ባጃጅ ነጂው «ኧረ ጋሼ፣ ወላሂ ብርቱካን ነው! በልጅነቴ አባቴ ለኢድ ይገዛልን ነበር» ብሎ ተነሳ። ሻዩ እየተደጋገመ እስኪመሽ ተከራከሩ። እኔ ባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብዬ ሳቄን ዋጥኩ።

ቅዳሜ

ወንበር ጠፋ! ከጎረቤት ተዋስኩ። ስኳር አለቀ። አንዱ ከበቾ ቦሬ ሰፈር ታላቅ ወንድሙን ለምስክርነት አምጥቶ፣ ወንድምየው ቆርኪው ቀይ ነበር ብሎ ፈረደ። ስለ ሽታው ማንም ምንም አላለም፤ የቡና አገር ሰው ለካ ገለፈት አይሸተውም።

ደስ ብሎኛል፤ ፈርቻለሁም። ቢታወቅስ? አባ ተማም ጋ ደወልኩ። ሳቃቸው አላስጨርሰኝ አለ። «እኔም እኮ ትዝ ሊለኝ ጀምሯል» አሉ።

እሑድ

እማዬ መጣች።

ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዋን እንዳደገደገች ገብታ ታፔላው ፊት ለፊት ተቀመጠች። አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ አየችው፣ አየችው።

«ይሄንን ከካሳሁን ጋር አወቱ ወንዝ ዳር ጠጥቼዋለሁ» አለች። «አንድ ጠርሙስ ነበር የገዛው። አልጠማኝም ብሎ ሁሉንም ለእኔ ተወልኝ። ውሸቱን ነው፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።»

ካሳሁን አባቴ ነው። ከሞተ ጀምሮ ስሙን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «እንዲህ የሚባል አራንቻታ የለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» እንዴት ልበላት? ወይ ሌላ አራንቻታ ይሆናል የጠጣችው፣ ወይ ምንም አልጠጣችም። ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር፤ እሱን አምናለሁ።

«ምን ምን ይል ነበር?» አልኳት።

«ጣፋጭ ነው። ትንሽ ደግሞ ይመራል። የለሽም?»

«አልቋል፣ እማዬ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ «ሲመጣ አንድ አስቀሪልኝ» አለችኝ።

ጠዋት መልቀቂያዬን አስገብቼ በቀጥታ ገበያ እወርዳለሁ። ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ የሚመር መጠጥ እንዴት እንደሚሠራ እግዜር ይወቅ።