ያጠበብኩት አልጋ

እሑድ፣ ግንቦት 19፣ ከምሳ በኋላ

ለባለቤቴ፣

ያለህበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። ወገቤን ያመኛል ብለኸኝ ነበር፤ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። እሱም የመዶሻ ነው። «አንቺን ደግሞ ከመዶሻ ጋር ምን አገናኘሽ?» ስትል ይሰማኛል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩትም እሱን ልነግርህ ነው።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ ግን ስልክ ላይ ሁልጊዜ እንደቸኮልክ ነው። ገና አፌን ስከፍት «እሺ፣ እሺ፣ ሌላ ጊዜ እደውላለሁ» ትለኛለህ። ምን እንዳልኩህ ሳትሰማ እሺ ማለት ድሮም ታውቅበታለህ። ወረቀት ቢያንስ እስከ መጨረሻው ያስወራኛል። ለእረፍት መጥቶ የነበረው የሥራ ባልደረባህ ሰሞኑን ስለሚመለስ በእሱ እልከዋለሁ። ልብስም ልጨምርለት ብዬ ነበር፣ ሻንጣዬ ሞልቷል አለኝ። ደብዳቤ ግን ኪስ ውስጥም ይገባል።

በአጭሩ፣ አልጋችንን ቆረጥኩት።

አትደንግጥ፣ አልሰበርኩትም። አጠበብኩት ነው የምልህ። የሁለት ሰው የነበረው የአንድ ሰው ሆኗል። በደንብ ሆኗል እንኳ አይባልም፤ ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ለሰው የምናገረው ምክንያት ሥራ ነው። ዘንድሮ የሁለት ትምህርት ቤት የተማሪ ልብስ እኔ ጋ ነው የሚሰፋው። የሳሎኑን ጨለማ ታውቀዋለህ፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ስሰፋ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ብርሃን ያለው መኝታ ቤት መስኮቱ ሥር ነው፣ እዚያ ደግሞ አልጋው ተንሰራፍቷል። ስለዚህ አልጋው ይጥበብና የመቁረጫ ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ይግባ አልኩ። ጎረቤቶች ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ «ጎበዝ፣ ደግ አሰብሽ» ብለውኝ ይሄዳሉ።

ላንተም ይህንኑ ነግሬህ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን አልፈለግሁም። እውነቱ ያ ባዶ ጎን ስለመረረኝ ነው። አንሶላ በቀየርኩ ቁጥር ማንም ያልተኛበትን ግማሽ አነጥፋለሁ። ትራስህን አጥባለሁ፤ ላብ ነክቶት ሳይሆን አቧራ ጠጥቶ። ብርድ ሲሆን እግሬ ሳያስበው ወደዚያ ይሄድና ቀዝቅዞ ይመለሳል። መጀመሪያ «መጣሁ» ያልከኝ ጊዜ ፀጉሬን ተሠርቼ መጋረጃ ቀይሬ ነበር። ፈቃድ ከለከሉኝ አልክ። በሚቀጥለው ደግሞ ሥራ በዛ አልክ። ከዚያ ወዲህ «ለከርሞ» ስትለኝ እሺ እላለሁ እንጂ መጋረጃ አልነካም። ብቸኝነት ይለመዳል የሚሉ ሰዎች ውሸታቸውን ነው። እኔ አልለመድኩትም።

ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል ከጀርባህ አንዲት ትንሽ ልጅ ስታለቅስ ሰምቼ የማን ናት አልኩህ። የጎረቤት ናት አልከኝ። ለቅሶዋ ግን ቅርብ ነበር፣ ወዲያው ደግሞ ዝም አለች፣ እንዳቀፏት ልጅ። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ተነሣሁና መጋዝ ልገዛ ወጣሁ።

መንገዱ መታጠፊያ ላይ፣ አንተ ከሄድክ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ አናጢ በርና መስኮት መሥሪያ ከፍተዋል። ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ቀስ በል፣ ቀስ በይ» ስለሚሉ ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ ጋሽ ቀስ በል ይላቸዋል። መጀመሪያ እሳቸው እንዲሠሩልኝ ነበር የጠየቅሁት። «የተኮነተርኩት በር አለቀልኝ እንዴ፣ አልጋ ልቆርጥ የምመጣው? እጅሽ ሥራ ለምዷል፣ ራስሽ ሞክሪው» አሉኝ። መላጊያቸውን አዋሱኝ፤ ጣቴን እንዳልልግበትም ደጋግመው አስጠነቀቁኝ።

አልጋውን መፍታት ራሱ አንድ ሥራ ነበር። ብሎኖቹ ዝገው አልንቀሳቀስ ሲሉኝ የስፌት መኪናዬን ዘይት አጠጣኋቸውና ሲለሰልሱ ፈታኋቸው። ከዚያ የራስጌውን ጣውላ መሬት ላይ አጋድሜ በጠመኔ አሰመርኩ። ጨርቅ ላይ ጠመኔ ቀጭን ነው፤ እንጨት ላይ ግን መስመሩ ጣት ያክላል። በመስመሩ በየትኛው በኩል መቁረጥ እንዳለብኝ የነገረኝ ስለሌለ መሀል ለመሀል ሄድኩ። መጋዙም እንደ መቀስ የሚታዘዝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን የራሱ መንገድ አለው፣ ሲፈልግ ወደ ግራ ሲፈልግ ወደ ቀኝ። ራስጌው መሀል ላይ የተቀረጸችው አበባ ትዝ ትልሃለች? አሁን መሀል ላይ አይደለችም። ከሁለቱም ጎን እኩል እኩል ብቆርጥ በቦታዋ ትቀር ነበር። እኔ ግን ካንተ በኩል ብቻ ቆረጥኩ። ገጥሜ ካቆምኩት በኋላ ነው ያየሁት። አበባዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ስትታይ ታስቃለች፤ እኔም ስቄያለሁ፣ መጀመሪያ ላይ።

ፍራሹንም ረስቼው ነበር። አልጋው ጠቦ ከቆመ በኋላ ፍራሹን ሳወጣበት ግማሹ በአየር ላይ ቀረ። በወጥ ቤት ቢላዋ መቁረጥ ነበረብኝ። ስለካው ታዲያ በኔ በኩል ያለው ስፖንጅ ሰርጉዶ ሰርጉዶ ሊያልቅ ደርሷል፤ ያንተ በኩል ከሱቅ እንደወጣ ነው። ሁለቱን አየሁና የኔን ጎን ቆርጬ ጣልኩት። ጣልኩት እንኳ አልልም፣ የወንበር መቀመጫ ሰፋሁበት። አሁን የምተኛው ያንተ ጎን ላይ ነው። ይደላል።

ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው። ሁሉ ነገር አልቆ ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር ላስገባ ብል አልገባ አለኝ። ክፍሉንም፣ አልጋውንም፣ ጠረጴዛውንም አስቀድሜ ለክቻለሁ፤ በወረቀት ላይ ሁሉም ልክ ነው። ብገፋው ብጎትተው እንቢ አለ። መላጊያቸውን ሊወስዱ የመጡት ጋሽ ቀስ በል ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አልጋውን ለኩት።

«ስንት ነበር ያልሺው ልኩ?»

ነገርኳቸው።

«ይሄ እኮ ስምንት ጣት ይተርፋል። ከየት የመጣ ነው?»

አሰብኩና አፈርኩ። «ለስፌት የተውኩት ነው መሰለኝ» አልኳቸው።

በሳቅ ወገባቸውን ይዘው አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄ፣ እንጨት እኮ አይቀመቀምም» አሉኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ራስጌውም፣ ግርጌውም፣ ርብራቡም፣ ሁሉም ላይ ለሁለቱ ጎን አራት አራት ጣት ትርፍ ትቻለሁ። የተማሪ ልብስ ስሰፋ ሁሌም ጠርዙ ላይ እተዋለሁ፤ ልጁ ሲያድግ ይለቀቃል ብዬ። እጄ ያንን ለምዶ እኔን ሳያማክር ለአልጋውም ተወለት። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ተነሥተው ዙሪያውን አዩና «ለአንድ ሰው ሰፊ ነው፣ ለሁለት ሰው ጠባብ ነው። በይ አሁን ትርፉን ቁረጪው» አሉኝ።

ሲሄዱ መጋዙን አነሣሁ። አልጋውን ሁለተኛ መቁረጥ ግን አቃተኝ። ጠረጴዛውን ቆረጥኩት።

ይህ በሆነ በሳምንቱ እህትህ መጣች። በፊት ያለ ቀጠሮ ትመጣና ድስቴን ሁሉ ከፍታ ታይ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እግሯን ካሳጠረች ቆይታለች። መኝታ ቤቱን እንዳታይ በሩን ገጠም ላደርገው ፈለግሁ፣ ከዚያ ደግሞ ለምን ብዬ ከፍቼ ተውኩት። ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ መልሱንም አዘጋጅቻለሁ። «ወንድሜን ከቤት አስወጣሽው ማለት ነው?» ትለኛለች፤ እኔም ብርሃኑን፣ ጥቁሩን ክር፣ የሁለቱን ትምህርት ቤት ሥራ እዘረዝርላታለሁ።

ገብታ በሩ ላይ ቆመች። አልጋውን አየችው። ቀረብ ብላ አበባዋን በጣቷ ነካች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣

«ደግ አደረግሽ» አለች።

«እትዬ፣ ምን አልሽ?»

«ደግ አደረግሽ አልኩ። ለራስሽ እንዲመችሽ አድርጊው። ክፍሉም ሰፋ።»

ዓይኔን ሳታይ ቦርሳዋን አነሣች። ውሃ ልስጥሽ ብላት እቸኩላለሁ አለች። በሩ ላይ ስንደርስ አንገቴን ይዛ ሳመችኝ፤ እሷ እንደዚያ አድርጋ ስማኝ አታውቅም፣ ሰው የሞተበት ሰው ነው እንደዚያ የሚሳመው። ያዘጋጀሁት መልስ ለቁጣ ነበር እንጂ ለመሳም አልነበረም።  ከሄደች በኋላ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ።

እሷን እንዳትቆጣት። አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋት። አንተንም ዛሬ አልጠይቅህም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያ አልጋ አላስተኛኝ አለ። ለአንድ ሰው ሰፊ፣ ለሁለት ሰው ጠባብ። እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ዕድሜዬን መጨረስ አልፈልግም። ወይ ለአንድ ሰው ይሁን ወይ ለሁለት። ስለዚህ አዲስ ልሠራ ነው፤ ከአሮጌ ቆርጬ ሳይሆን ከጣውላው ጀምሬ። ጋሽ ቀስ በል መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ቆይተው ግን ጥሩ ጣውላ መርጠውልኝ ግቢያችን ውስጥ ከጣሪያው ሥር አብረን ደረደርነው። ገና እርጥብ ስለሆነ ክረምቱ እስኪያልፍ ይቆይ፣ በእርጥቡ ከተሠራ ይጣመማል አሉኝ። እንዳይነካካ በየመሀሉ ቁራጭ እንጨት አስገብተንለታል። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ አየዋለሁ።

ልኩን ስንነጋገር «ለስንት ሰው ነው?» አሉኝ።

«ገና አላወቅሁም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ነገሩን አልገፉበትም። «እሺ፣ ለሁለት ከሆነ ርዝመቱ የሚወሰነው በባልሽ ነው። ልኩን ታውቂዋለሽ?»

አላውቅም እንዴ አልኩና የትከሻህን ስፋት፣ የእጅጌህን ርዝመት፣ የአንገትህን ዙሪያ፣ የደረትህን፣ የወገብህን፣ የሱሪህን ቁመት በቃሌ አወረድኩላቸው።

«ኮት ልሰፋለት ነው እንዴ እኔ? ከራሱ እስከ እግሩ ስንት ነው?»

እሱ ለልብስ አያስፈልግማ። ሸሚዝ ለብቻው ነው ሱሪ ለብቻው፤ ሰውን ከራሱ እስከ እግሩ ባንዴ ለክቼ አላውቅም። ያን ያህል ዘመን ልብስህን እየሰፋሁ ቁመትህን አላውቀውም። የተለያየ ልክ ደምሬ ልድረስበት አልኩ፣ አንገቱና ጭንቅላቱ አልገጥም አለኝ። ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ሥር ቆሜ፣ ስትገባ ጭንቅላትህ የት ድረስ እንደሚመጣ ላስታውስ ሞከርኩ። ጎንበስ ትል ነበር? ወይስ ቀጥ ብለህ ነበር የምትገባው? አልመጣልኝም። አልጋውን ስቆርጥ አላለቀስኩም፤ ያኔ ግን አለቀስኩ። የማውቀው ልክም ቢሆን አሮጌ ነው። ባለፈው የላክሁልህ ሸሚዝ ጠበበኝ ብለሃል። ምግቡ ተስማምቶሃል ማለት ነው፤ ደስ ይላል።

እንግዲህ የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው። ቁመትህን ጽፈህ ላክልኝ። የምትመጣበትን ቀን አልጠይቅህም፤ ቀን ብዙ ጊዜ ሰጥተኸኛል። የምትመጣ ከሆነ ቁመትህን ላክ፣ እኔ አልጋውን ለሁለት ሰው አድርጌ እሠራዋለሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ ያልቃል። የማትመጣ ከሆነ ደግሞ አዝነህልኝ ቁጥር አትላክ። አልመጣም ብለህ ጻፍ። አልናደድም ብዬ አልዋሽህም፤ እናደዳለሁ፣ አለቅሳለሁም። ግን አውቄው እተኛለሁ። ዝም ካልከኝም መልስህ እሱ ነው ብዬ ጣውላውን በራሴ ልክ እቆርጠዋለሁ። በዚህኛው ላይ ትርፍ አልተውም።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። ወገብህን ይማርልህ፤ ከባድ ነገር ስታነሣ ጉልበትህን እጠፍ። ሥራህ ቦታም ሰላም ገብተህ ሰላም ውጣ። የሚወዱህን ሁሉ እሱ ይጠብቅልህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ።

ስትለካ ጫማህን አውልቅ፣ ተረከዝህን ከግድግዳው አስጠጋ፣ አገጭህን አታንሣ። እኔ የራሴን ትናንት ለካሁ። መጽሐፍ አናቴ ላይ አድርጌ፣ በአንድ እጄ እሱን ደግፌ፣ በሌላው ጠመኔ ይዤ፤ መጽሐፉ እየተንሸራተተ በለካሁ ቁጥር ቁመቴ ይለዋወጥብኛል። ሰው ለብቻው ቁመቱን መለካት አይችልም ለካ። አንተ ግን ሜትሩን የሚይዝልህ ሰው አታጣም።

ባለቤትህ