በጆንያ ተሰፍቶ ስለተጫነው ቡችላ

ለተከበሩ፣ ስማቸውን ከአክብሮቴ ብዛት ለተውኩት የመናኸሪያ ስምሪት ኃላፊ፤

እንደምን ሰነበቱ? ወንበርዎ ደህና ነው? ማኅተምዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቢሮዎ ከወጣሁ ወዲህ ብዕር ከእጄ አልወርድ ከማለቱ በቀር።

ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከአንበሳሜ መጥቼ ወደ ነፋስ መውጫ መኪና ስቀይር ካርቶን ታቅፌ ደጅዎ የቆምኩት መምህርት ነኝ። ካርቶኑ ውስጥ የሁለት ወር ቡችላ ነበር። የምወስደው ለአባቴ ለአቶ ይርጋ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ደጃቸው የመጣውን የሚለዩት በውሻቸው ጩኸት ነበር፤ እሱም በፍልሰታ ጾም ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ ሌባ ሁለት ጊዜ በግ ነድቶባቸዋል። ይህን ሁሉ ቆሜ ስነግርዎ ጥርስዎን በስንጥር እየጎረጎሩ በትዕግሥት ስላዳመጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አይቻለሁና።

፩ኛ. ለቡችላው መሸኛ ደብዳቤ እንዳመጣ አዘዙኝ። የክትባት ወረቀቱን ባሳይዎ፣ ይህ ክትባት እንጂ መሸኛ አይደለም ብለው መለሱልኝ። በዚያው መኪና፣ ከሾፌሩ ጀርባ፣ እግራቸው የታሰረ ሦስት ዶሮዎች ያለ አንዳች ደብዳቤ ተቀምጠው ነበር። ምናልባት የቢሮው ባልደረቦች ይሆናሉ ብዬ ገመትኩ።

፪ኛ. በመጨረሻ ፍርድዎን ሰጡ፦ «ሰው ካልሆነ ዕቃ ነው። ዕቃ ደግሞ ላይ ነው የሚጫነው።» ጫኙም ቃልዎን አክብሮ ቡችላውን ከነካርቶኑ ጆንያ ውስጥ ከቶ አፉን በመርፌ ሰፋው። ለምን ሰፋኸው ብዬ ብጠይቀው፣ ያልተሰፋ ጆንያ አይጫንም አለኝ። እኔም፣ እያፈርኩ እነግርዎታለሁ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ከእርስዎ ቀጥሎ የምጸየፈው ያን መቀመጤን ነው።

፫ኛ. በጉና ተራራ ሥር ስናልፍ በረዶ ወረደብን። እኛ መስኮት ዘጋን፤ ዶሮዎቹም ሞቃቸው። ገሳይ ላይ የአንድ ነጋዴ ጆንያዎች ሲራገፉ አንዱ ከአንዱ አልተለየም ነበርና፣ የእኔው ወርዶ የሰውየው ቀረልኝ። ነፋስ መውጫ ስደርስ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው መናኸሪያ ድረስ መጥተው ይጠብቁኝ ነበር። ጆንያውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ስመኝ፣ ይኼስ የሚጮኽ አይመስለኝም» አሉ። የዘር ድንች ነበር። ለእኔ ብለው ሳቁ፤ ቤት እስክንገባ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ሄዱ።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ስልኬ ጠራና ተውኩት። የደወሉት የድንቹ ባለቤት፣ ገሳይ ላይ ሱቅ ያላቸው አቶ ኑሩ ናቸው። ጆንያው ሲያቃስት ሰምተው ስፌቱን በጥሰው፣ ካርቶኑ ላይ የጻፍኩትን የስልክ ቁጥር አገኙ። በማግሥቱ አባቴን ይዤ ስሄድ ቡችላው በሰውየው ፎጣ ተጠቅልሎ በጣሳ ወተት ይልሳል። የኋላ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፤ ነፍሱ ግን አለች። በሃይማኖታቸው የውሻ ምራቅ የነካውን ማጠብ እንዳለባቸው ስለማውቅ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ነፍስ ነው እኮ፣ እቴ። እኔ ታጥቤ እሰግዳለሁ» አሉኝ። መመሪያ ማገላበጥ አላስፈለጋቸውም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ለዘላለም ሰው ተብለው ከመስኮቱ ዳር እንዲቀመጡ፣ በእርጅናዎ ዘመንም ዓይንዎ ደክሞ ደጅ ሲቆሙ ዕቃ ነው የሚል ባለማኅተም እንዳይገጥምዎ ከልብ እየጸለይኩ፣ ካርቶን ታቅፌ በቆምኩበት ትሕትና እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

መምህርት ስመኝ ይርጋ
ከአንበሳሜ

ማስታወሻ፦ በእኛ አገር ውሻ ሲሰየም መልእክት እንደሚላክበት ያውቃሉ። አባቴ ቡችላውን «ሰው አይጠፋም» ብለውታል። ስሙን የሰማ ሁሉ ምነው ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸውም ጠያቂውን አስቀምጠው ከእርስዎ ቢሮ ጀምረው እስከ አቶ ኑሩ ሱቅ ይተርኩለታል። እግሩ ቢያነክስም ድምፁ ደህና ነው። ውሻ በደንብ ከያዙት አሥራ ሁለት ዓመት ይኖራል ይባላል፤ እርስዎ በወንበሩ ላይ ስንት ዓመት እንደሚቆዩ ግን አላውቅም።